የመንገደኛ አዲሱ ስንቅ
(በሬዲዮ የተደረገ ንግግር)



የዛሬው ንግግሬ ስለ አንድ ትንሽ ዕቃ ነው፤ ይኸውም በተለምዶ ቻርጀር እያልን የምንጠራው፥ የእጅ ስልክና የኮምፒዩተር ባትሪ የሚሞላበት መሣሪያ ነው። «ይህን የመሰለ ተራ ነገር በሬዲዮ ሊነገርለት ይገባልን?» የሚል አድማጭ ቢኖር አልፈርድበትም። ዳሩ ግን ይኸው አድማጭ ለመሥሪያ ቤቱ ጉዳይ ታዝዞ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ሻሸመኔ መናኸሪያ ቢደርስና ስልኩ ባትሪ ጨርሶ ተዘግቶ ቢያገኘው፥ እኔ ሳልመልስለት ጥያቄውን ራሱ ይመልሰዋል።

ሻሸመኔን ለምሳሌ የመረጥሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ይህች ከተማ የመንገዶች መገናኛ ናት። በሞጆ፥ በመቂ፥ ዛሬ ባቱ በምትባለው በዝዋይና በአርሲ ነገሌ አልፎ የመጣው መንገድ እዚያ ሲደርስ ይከፋፈላል፤ አንደኛው በሐዋሳና በዲላ በኩል እስከ ሞያሌ ይወርዳል፤ ሁለተኛው በሐላባ አልፎ ወደ ወላይታ ሶዶና ወደ አርባ ምንጭ ያመራል፤ ሦስተኛው በኮፈሌና በዶዶላ አድርጎ ባሌ ይገባል። ስለዚህ ለመስክ ሥራ ወደዚያ አገር የሚላክ የመንግሥት ሠራተኛ፥ ቢያድርባትም ባያድርባትም፥ ምሳ መብላቱ ወይም መኪና መለወጡ አይቀርም።

የጥንቱ መንገደኛ ሲመሽበት ከሰው ደጅ ቆሞ፥ «የመሸብኝ እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ይል ነበር። ከገባም በኋላ ከራሱ እራት አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ በቅሎው ድርቆሽ ነበር፤ በቅሎዋ ሳትበላ ካደረች የነገው መንገድ እንደማይገፋ ያውቃልና። ስንቁም አገሩን የሚመስል ነበር፤ አንዱ በሶና ዳቦ ቆሎ ሲቋጥር፥ የአርሲ ሰው ደግሞ የተቆላ የገብስ ዱቄት በተነጠረ ቅቤ ታሽቶ የሚሠራውን፥ ብዙ ቀን ቢቀመጥ የማይበላሸውን ጭኮ ይይዝ ነበር። ዛሬ እንጀራውም ሥጋውም በየከተማው ስለሚገኝ ለሆዱ የሚሰንቅ መንገደኛ ጥቂት ነው። ነገር ግን በበቅሎዋ ቦታ ሌላ ተተክቷል፤ እርሱም በየማታው መብላት የሚሻው ስልካችን ነው።

ይህንን ስል ስለ ወሬ መቀባበያው አይደለም። ቴሌብር በግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ፥ የባንኮችም የስልክ አገልግሎት ከተስፋፋ ወዲህ፥ የብዙ ሰው ገንዘብ በኪሱ ሳይሆን በስልኩ ውስጥ ይሄዳል። ውሎ አበሉ በባንክ ሒሳቡ ይገባል፤ የአልጋና የምሳ ሒሳቡን በስልኩ ይከፍላል፤ የሚያድርበትን ቤት፥ የሚፈልገውን ሹም ስልክ ቁጥር፥ የተላከበትንም ደብዳቤ ቅጂ እዚያው አስቀምጦታል፤ የፋይዳ መታወቂያውን ሳይቀር በፎቶግራፍ የያዘው በዚያው ነው። ነዳጅም ቢሆን በሚያዝያ ወር 2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በአዲስ አበባ፥ ቀጥሎም በክልሎች፥ በኤሌክትሮኒክ ክፍያ ብቻ እንዲሸጥ ተወስኗል። እንግዲህ አንድ ሹፌር የኪስ ቦርሳው በብር ኖት ተሞልቶ ሳለ፥ የስልኩ ባትሪ ስላለቀ ብቻ ከነዳጅ ማደያ ደጅ ባዶ ታንክ ይዞ የሚቆምበት ዘመን ላይ ደርሰናል ማለት ነው። አያቶቻችን ይህን ቢሰሙ ተረት ይመስላቸው ነበር።

ይህ ከሆነ ዘንድ ቻርጀር ከጥርስ ብሩሽና ከፎጣ ጋር በመጨረሻው ደቂቃ የሚወረወር ዕቃ መሆኑ ቀርቶ፥ አስቀድሞ የሚታሰብበት ስንቅ ሊሆን ይገባዋል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፥ ጧት በ11 ሰዓት አውቶቡስ እንዳያመልጠው የሚጣደፍ ሰው ገመዱን ይዞ መሰኪያውን፥ ወይም መሰኪያውን ይዞ ገመዱን ከግድግዳ ላይ ትቶ ይሄዳል። መድኃኒቱ ለመንገድ ብቻ የሚሆን ሁለተኛ ቻርጀር ገዝቶ ከሻንጣው ሳያወጡ ማኖር ነው። ወጪው በመንገድ ላይ ተቸግረው ከሚገዙት የማይታወቅ ዕቃ ዋጋ አይበልጥም።

ለመሆኑ ሲገዛስ ምኑ ይታያል? ብዙ ሰው መልኩንና ዋጋውን ያያል፤ ዋናው ነገር ግን በጀርባው ላይ በጥቃቅን ፊደል የታተመው ጽሑፍ ነው። «ኢንፑት» በሚለው ቃል አጠገብ ያለው ቁጥር ከግድግዳው ሊቀበል የሚችለውን የኤሌክትሪክ ኃይል ይነግረናል። «ከ100 እስከ 240 ቮልት፥ 50/60 ኸርዝ» የሚል ከሆነ በየትኛውም አገር ቢሰካ አይቃጠልም፤ የአገራችን መብራት 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነውና። «አውትፑት» የሚለው ደግሞ ለስልኩ የሚሰጠውን ነው፤ ቮልቱን በአምፔሩ ብናባዛው ዋቱን እናገኛለን። ለምሳሌ 5 ቮልት በ2 አምፔር 10 ዋት ነው፤ 9 ቮልት በ2 አምፔር 18 ዋት ይሆናል። ሁለቱም ያንኑ ስልክ ይሞላሉ፤ ነገር ግን መኪናው ምሳ ለመብላት ግማሽ ሰዓት ብቻ በቆመበት ቦታ የሁለቱ ልዩነት ጎልቶ ይታያል።

ከዚህ ላይ በሻሸመኔ ታሪክ ውስጥ የሚገኝ አንድ ጉዳይ ማንሳት ይጠቅማል። በ1948 እ.ኤ.አ. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በከተማይቱ አጠገብ ለውጭ አገር ጥቁር ሕዝቦች መኖሪያ እንዲሆን መሬት መስጠታቸውና ከዚያ ወዲህ ከጃማይካና ከሌሎች የካሪብያን ደሴቶች ብዙ ራስ ተፈሪያውያን መጥተው መስፈራቸው የታወቀ ነው። የጃማይካ መብራት 110 ቮልት ሲሆን መሰኪያውም ጠፍጣፋ እግር ያለው ነው። ከዚያ አገር የሚመጣ እንግዳ የስልክ ቻርጀሩን በመለወጫ ቢሰካ ምንም አይሆንም፤ ከላይ የተናገርነው ጽሑፍ አለበትና። ዳሩ ግን «110 ቮልት» ብቻ ተብሎ የተጻፈበትን የጸጉር መቁረጫ፥ የልብስ ካውያ ወይም የጭማቂ መፍጫ በዚያው መለወጫ ቢሰካ፥ ጢሱን ለማየት ብዙ አይቆይም። ቮልቱ እጥፍ ሲሆን የኤሌክትሪኩ ፍሰት እጥፍ ይሆናል፤ ሁለቱ ተባዝተው በሽቦው ላይ የሚፈጠረው ሙቀት አራት እጥፍ ይደርሳል። ምክንያቱም በየሱቁ የሚሸጠው ትንሹ መለወጫ የሚለውጠው የእግሩን ቅርጽ ብቻ ነው፤ ቮልቱን የሚለውጠው ሌላ ነው፤ እርሱም ከባዱ ትራንስፎርመር ነው። መብራቷ 120 ቮልት ከሆነችው ከአሜሪካ ዘመድ የላከልንን ስጦታ ስንቶቻችን በአንድ ደቂቃ እንዳቃጠልን እያንዳንዱ ቤት ያውቀዋል።

የእግሩም ነገር ቀላል አይደለም። የእኛ ሶኬት ሁለት ክብ እግር የሚቀበል ነው፤ ከዱባይ የሚገዛው ዕቃ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ያለው ነው። ይህን እንደምንም ብለው በግድ የሚያስገቡ ሰዎች አሉ፤ ሶኬቱ ይላላል፥ ይሞቃል፥ በመጨረሻም ይጠቁራል። እንዲህ ጠቁሮ የሚታይ ሶኬት በአልጋ ክፍላችሁ ካያችሁ፥ ሌላ ክፍል እንዲሰጧችሁ ጠይቁ እንጂ አትሰኩበት።

ከሻሸመኔ ወደ ሞያሌ ያለውን ከ500 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ ጨርሶ ወደ ኬንያ የሚሻገር ሰው ደግሞ ያው የእንግሊዝ ሦስት እግር ይጠብቀዋል። ነገሩ ፈገግ ያሰኛል፤ በ2015 ዓ.ም. ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ ናይሮቢ አጠገብ እስከ ሱስዋ በተዘረጋው 1,045 ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝም ባለ 500 ኪሎ ቮልት መስመር ኤሌክትሪካችን ወደ ኬንያ መሸጥ ጀምሯል። መብራታችን ያለ ችግር ድንበር ሲሻገር፥ የእኛው መሰኪያ ግን ከሞያሌ ማዶ ካለው ግድግዳ አይገባም። ስለዚህ ወደዚያ የሚሻገር ባለሥልጣንም ሆነ ነጋዴ አንድ መለወጫ ይያዝ።

ደግነቱ የገመዶቹ ጋጋታ እየቀነሰ መጥቷል። የአውሮፓ ኅብረት ባወጣው ሕግ መሠረት ከታኅሣሥ 28 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአባል አገሮቹ የሚሸጥ አዲስ የእጅ ስልክ ሁሉ ዩኤስቢ ሲ በሚባለው አንድ ዓይነት ቀዳዳ እንዲሞላ ግዴታ ሆኗል፤ አይፎንም ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህንኑ ተቀብሏል። የዚህ ዓይነት ቻርጀርና ስልክ ሲገናኙ አስቀድመው ይነጋገራሉ ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ቻርጀሩ በ5 ቮልት ጀምሮ ስልኩ ልቀበል የምችለው ይህን ያህል ነው ሲለው ብቻ ከፍ ያደርግለታል። ስለዚህ 60 ዋት የሚሰጠው የኮምፒዩተር ቻርጀር ስልክን ያቃጥላል የሚለው ፍርሃት ለዚህ ዓይነቱ መሠረት የለውም፤ አንዱን ደኅና ቻርጀር ይዞ ለኮምፒዩተሩም ለስልኩም ማገልገል ይቻላል። ገመዱ ግን ደካማ ከሆነ ጥሩው ቻርጀር ብቻውን ምንም አያደርግም።

አሁን ደግሞ ወደ አልጋ ክፍሉ እንግባ። በብዙ ቦታ ሶኬቱ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ከአልጋው ጀርባ ወይም ከቴሌቪዥኑ ኋላ ይገኛል። ሁለት ባልደረቦች በአንድ ክፍል ካደሩ ነገሩ የጠብ ምክንያት እስከ መሆን ይደርሳል። ሦስት ቀዳዳ ያለው ትንሽ ማከፋፈያ የያዘ ሰው ያን ምሽት ዳኛ ነው። በዚህ ላይ የእንግዳ ይሉኝታ የሚይዛቸው አሉ፤ በምግብ ቤት ተቀምጠው ስልክ ለመሰካት ፈቃድ መጠየቅ ያፍራሉ። ኀፍረቱ ከንቱ ነው። አንድ ስልክ ከባዶ እስኪሞላ ድረስ የሚፈጀው 25 ዋት ሰዓት ያህል ስለሆነ፥ በአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ወደ 40 ጊዜ ያህል ሊሞላ ይችላል። 3 ኪሎ ዋት የሚጠጣ የኤሌክትሪክ ምጣድ በአንድ ደቂቃ ብቻ የሚወስደው ሁለት ስልክ ይሞላል። ባለቤቷ አንድ እንጀራ ስታሰፋ የምታወጣውን ያህል እንኳ አላስወጣችኋትም።

መብራት የመጥፋቱ ነገር ሌላ ጉዳይ ነው። ወደ ሻሸመኔ ስንወርድ በመንገዳችን የምናየው በ1960 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው የቆቃ ግድብ 43 ሜጋ ዋት ያህል ብቻ የሚያመነጭ ሲሆን፥ በጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኅዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራ ነው። ዳሩ ግን ከግድቡ የወጣው ኃይል ወደ አልጋ ክፍላችን የሚደርሰው በየሠፈሩ ባለው ትራንስፎርመርና ሽቦ ነው፤ ያም በነፋስ፥ በዝናብና በጭነት ብዛት ይበጠሳል። የሚጎዳን የመጥፋቱን ያህል የመምጣቱ ሁኔታ ነው። ጠፍቶ የቆየ መብራት ሲመለስ ቮልቱ ለጥቂት ጊዜ ከፍና ዝቅ ሊል ይችላል፤ ስለሆነም መብራት እንደጠፋ ቻርጀሩን መንቀል፥ ከተመለሰም በኋላ አምፖሉ መርገቡን አይቶ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ መሰካት ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ተነሥቶ ይህን የሚያደርግ ሰው እንደሌለ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ከእራት በፊት መሙላት ይሻላል። በልብስና በትራስ ሥር አድርጎ ሲሞላ ማደር ግን በማናቸውም ቤት ክልክል ሊሆን ይገባዋል፤ ባትሪው ሲሞላ የሚያወጣው ሙቀት መውጫ ያጣልና።

የስምጥ ሸለቆን ሙቀትም መርሳት አይገባም። ሻሸመኔ ራሷ ነፋሻ ናት፤ ነገር ግን በአዳማ ወይም በዝዋይ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና መስታወት ሥር የተተወ ስልክ እሳት ይሆናል። አንዳንድ ሠሪዎች ስልካቸው ከ35 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት እንዳይሠራበት ያስጠነቅቃሉ። ሊቲየም ባትሪን ከሁሉ በላይ የሚያስረጀው ሙቀት ነው፤ ጨርሶ ባዶ እስኪሆን መጠበቅም አይጠቅመውም፤ ያ ልማድ ከድሮው የኒኬል ባትሪ የተወረሰ ነው።

መብራት በሌለበት የሚያገለግለን ፓወር ባንክ ነው፤ እርሱም ራሱ ትልቅ ባትሪ ስለሆነ ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል። በላዩ 10,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ተብሎ ሲጻፍ፥ 5,000 የሚይዘውን ስልክ ሁለት ጊዜ ይሞላል ብሎ ማሰብ የተለመደ ነው። ነገር ግን ከውስጥ ያለው ባትሪ 3.7 ቮልት ሲሆን ወደ ውጭ የሚሰጠው 5 ቮልት ነው፤ በመለወጡም ጥቂቱ በሙቀት ይባክናል፤ ስለዚህ ሁለተኛው ሙሌት ሳይፈጸም ያልቃል። መጠኑን በዋት ሰዓት ለማወቅ የተጻፈውን ቁጥር በ3.7 አባዝቶ ለ1,000 ማካፈል ነው፤ 10,000 የሚለው 37 ዋት ሰዓት፥ 20,000 የሚለው 74 ዋት ሰዓት ይሆናል።

ይህ ሒሳብ ከሻሸመኔ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወደምትርቀው ሐዋሳ ሄዶ አይሮፕላን ለሚሳፈር ሰው የግድ ያስፈልገዋል። በዓለም አቀፉ የአቪዬሽን ደንብ መሠረት ፓወር ባንክ ለጭነት በሚሰጥ ሻንጣ ውስጥ መግባት አይፈቀድለትም፤ በእጅ መያዝ አለበት። እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለው በመደበኛው ይታለፋል፤ ከ100 እስከ 160 ያለው የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ከዚያ በላይ የሆነው ክልክል ነው። ጽሑፉ የተፋቀ ከሆነም ፈታሹ መጠኑን ሊያውቅ ስለማይችል ሊያስቀረው ይችላል። ምክንያቱን የሚጠይቅ ቢኖር፥ በጃንዋሪ 28 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. በደቡብ ኮሪያ ቡሳን ከተማ ሊነሣ በተዘጋጀ የኤር ቡሳን አይሮፕላን ላይ የደረሰውን ያስታውስ። እሳቱ የተነሣው ከተሳፋሪዎች ራስ በላይ ካለው የዕቃ ማስቀመጫ ነበር፤ አይሮፕላኑ ሲቃጠል በውስጡ የነበሩት 176 ሰዎች በሕይወት ወጡ፤ መርማሪዎችም የፓወር ባንክ ባትሪ ሳይሆን አይቀርም የሚል አስተያየት ሰጡ። ከዚያ ወዲህ ኮሪያ ፓወር ባንክ ከላይ እንዳይቀመጥ ከልክላለች። እሳቱ ከጭነት ክፍል ቢነሣ ኖሮ ማንም አይደርስበትም ነበር። ሆዱ ያበጠ ፓወር ባንክማ በአይሮፕላንም በአውቶቡስም በቤትም ቦታ የለውም።

ቻርጀር የረሳ ሰው ስልኩን ከመናኸሪያ አጠገብ ባለ ሱቅ ሰጥቶ ያስሞላል። ባለሱቆቹ በአመዛኙ የታመኑ ናቸው፤ ቢሆንም ያ ስልክ ቅድም እንደዘረዘርሁት ገንዘብ ቤትም መዝገብ ቤትም ነው። የሚስጥር ቁጥሩን ለማንም ሳይነግሩ፥ ቆልፎ መስጠትና ባይሆን አጠገቡ ቡና እየጠጡ መጠበቅ ነው። ከማይታወቅ ኮምፒዩተር ጋር በገመድ ማገናኘት ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው፤ ኃይል የሚያልፍበት ገመድ መረጃንም የሚያሳልፍ ስለሆነ፥ የመሥሪያ ቤት ሰነድ የያዘ ሠራተኛ ከግድግዳው ሶኬት በራሱ ቻርጀር ይሙላ።

ሁሉም ዘዴ ሲያልቅ የሚረዳ ሌላ ነገር አለ፤ እርሱም ቁልፍ ያለው ተራ ስልክ ነው። አንድ ጊዜ ተሞልቶ ብዙ ቀን ይቆያል፤ ሲም ካርዱን አውጥቶ ለገባበት ሰው ደግሞ *127# በመደወል ቴሌብርን ያገለግላል። ጥቂት የብር ኖት፥ በወረቀት የተጻፉ አራት አምስት ስልክ ቁጥሮችና የደብዳቤው ቅጂ ቢጨመሩበት፥ ምሽት በ2 ሰዓት ሻሸመኔ የገባው መንገደኛ አልጋ ለመያዝ የሰው ፊት አያይም።

ከክፍሉ የሚወጣበትን ጧት በሚመለከት አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ከእንግዳ መቀበያው ጀርባ ባለው መሳቢያ ውስጥ እንግዶች የረሷቸው ቻርጀሮች ተጠላልፈው ያላየ ተጓዥ የለም። ማታ ከመተኛታችሁ በፊት የክፍሉን ቁልፍ ከተሰካው ቻርጀር አጠገብ አኑሩት፤ ጧት በሩን ለመክፈት ቁልፉን ስትፈልጉ እጃችሁ ከቻርጀሩ ላይ ያርፋል።

ደኅና አምሹ።